የደራው ቀዝቃዛ ሻይ

የሰውን አገር ለማወቅ «የት ተወለድክ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። በደርግ ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ወይ ዘመድ ፈላጊ ነው፣ ወይ ደግሞ… ዘመኑን የምታስታውሱ እናንተው ጨርሱት። ብልሁ መንገድ ሻይ መጋበዝ ነው። ስኳሩን ሰውየው በገዛ እጁ ይጨምር፤ እናንተ ዝም ብላችሁ እጁን እዩ። አነጋገር ከተማ ሲገቡ ይለወጣል፣ አለባበስም ይለወጣል። ማንኪያ ግን አይዋሽም።

ሻይ ስል ትኩሱን እንዳይመስላችሁ። ትኩስ ሻይማ ለደገኛ ነው። ናዝሬት ውስጥ፣ አዳማም በሏት፣ በመጋቢት ፀሐይ አስፋልቱ የጫማ ሶል በሚይዝበት ሰዓት እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ሻይ ያቀረበላችሁ ሰው ወይ አያውቃችሁም፣ ወይ ቂም ይዞባችኋል። የእኛ ሻይ በጠዋት ይፈላል፣ በጆግ ይገለበጣል፣ ፍሪጅ ያለው ፍሪጅ ውስጥ፣ የሌለው ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ከሰዓት በኋላ በረዶ ይጣልበትና ይወጣል። አዲስ አበባ ሄዳችሁ «ቀዝቃዛ ሻይ አለ?» ብትሉ ግን አስተናጋጁ የተቆጣችሁ መስሎት ይቅርታ ይጠይቃችኋል። እኔ ደርሶብኛል። ያላዘዝኩትን ሻይ ሊያሞቅልኝ ሄደ።

ታዲያ ቀዝቃዛ ሻይም ቢሆን እንደየአገሩ ነው። የናዝሬት ሰው ሎሚ ጨምቆ ስኳሩን ያለ ይሉኝታ ይገለብጣል። የወንጂ ሰው ስኳሩን ይገለብጥና ሻይ ይጨምርበታል። ሻሸመኔ የከባድ መኪና ሾፌር አገር ስለሆነች ዝንጅብሉ ጉሮሮ ይይዛል፤ እንቅልፍ ማባረሪያ ነው ይላሉ። ከዚያው አጠገብ ኩየራ ብትወርዱ ሻይ የሚከለክለው ሚስዮን ዘንድ የተማረ ሰው ሻይ የሚባል ነገር አፉ አያደርስም፤ ጠጅ ሣር አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ እንደ ሻይ እያማሰለ ይጠጣል፣ ሻይ ነው ስትሉት ግን ይቀየማችኋል። የአርሲ ገበሬ ወተት ካልገባበት አይቆጥረውም፤ ጨው ጣል የሚያደርግበትም አይቻለሁ። ወሎዬ ቅርንፉዱንና ቀረፋውን አብዝቶ ስኳሩን ሲቆጥብ፣ መንዜ ደግሞ «የቀዘቀዘ ሻይማ የሞተ ሻይ ነው፣ ሬሳ አልጠጣም» ብሎ ነገሩን ከሥሩ ይዘጋዋል።

ይህ ሁሉ ምርጫ ስኳር ሲገኝ ነው እንግዲህ። ወንጂ አፍንጫችን ሥር ናት፤ ነፋስ ሲዞር የሚፈላው አገዳ ይሸተናል። እኛ ግን ስኳሩን ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን፣ ያውም መጣ ሲባል ሮጠን ነበር የምናገኘው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሰው ቤት ሄዳችሁ ሻያችሁ ከጣፈጠ ተወዳችኋል ማለት ነበር። ካልጣፈጠ ደግሞ አስተናጋጇ «ስኳር ለጤና ጥሩ አይደለም» የሚል ምክር ታስከትልላችኋለች።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኔ ያኔ ናዝሬት አንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። የእርሳስ ፊደል ከሣጥኑ አንድ በአንድ እየለቀምኩ ቃል እሠራለሁ፣ ያውም ገልብጬ። የሺ የምትባል ልጅ ደግሞ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደራ አስተማሪ ነበረች። የትምህርት ቤቷን የምስክር ወረቀት ልታሳትም መጣች፣ አንድ ስም ተሳስቼ ስለነበር ተመልሳ መጣች፣ ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ግን የተሳሳተ ነገር አልነበረም። ቀዝቃዛ ሻይ ጋበዝኳት። ስኳር የሞላውን ማንኪያ ስትደጋግም አይቼ «ወንጂ ዘመድ አለሽ?» አልኳት። እናቷ የወንጂ ልጅ ናቸው። አባቷስ? ብል ሣቀችና «አባቴን ተወው፣ ቤታችን ሁለት ጆግ ነው ያለው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። አባቷ አቶ ጌታነህ ከወሎ መጥተው ደራ ወፍጮ የተከሉ ሰው ናቸው። በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ ነበራቸው፤ በውስጡም ሁለት ጆግ ጎን ለጎን ይቀመጣል። አንደኛው የእሳቸው ነው፤ ቅርንፉድ የዋኘበት፣ ስኳር የሚሉት ነገር በሩቁ ያለፈው። ሌላው የእትዬ አልማዝ፣ የሚስታቸው ነው፤ ሎሚ የተጨመቀበት፣ ከንፈር ከከንፈር የሚያጣብቅ። ባልና ሚስቱ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ልጅ ወልደው ለወግ ለማዕረግ አድርሰዋል። አንዳቸውም ግን የሌላውን ጆግ ቀምሰው አያውቁም።

እኔና የሺ ተስማምተን ሳለ አንድ ክፉ ወሬ መጣ። አንድ የአሰላ እህል ነጋዴ ለልጁ ሊያጫት ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። ነጋዴው ለአቶ ጌታነህ የቆየ ደንበኛ ነው፣ ያውም የራሱ ኤንትሬ የጭነት መኪና ያለው ሰው። እኔ ያለኝ እጄ ላይ የማይለቅ ቀለም ነው። የሺ መልእክት ላከችብኝ፦ የአሰላዎቹ የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው፤ አባቴ አንዴ እሺ ካለ ወዲያ ቃሉን እንደማያጥፍ አውቃለሁ፤ ቶሎ በል። እኔም እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ስለነበረብን የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌ ጫማቸውን ስሜ ላክሁ።

ሽማግሌዎቼን ላስተዋውቃችሁ። የመጀመሪያው ጋሽ ተክሌ ናቸው፤ መንዜ፣ የቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ዳኛ። ባህል አዋቂ የሚባሉ ሰው ናቸው። ማስረጃ ሳያዩ ፀሐይ ወጣች ብትሏቸው ደጅ ወጥተው ነው የሚያምኑት። ሁለተኛው ሐጂ ይመር፣ ወሎዬ ጨርቅ ነጋዴ፤ አፋቸው ማር ነው፣ ላይገዛ የመጣውን ሰው ሽርጥ አስይዘው የሚሸኙ። ሦስተኛው ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ ከከተማው ዳር የሚያርሱ፣ ከደራ ሰው ግማሹ ዘመዳቸው የሆነ፣ ጥቂት ተናግረው ብዙ የሚያዳምጡ ሽማግሌ።

ሙሽራ ሽማግሌ ልኮ ቤቱ ነው የሚቀመጠው። እኔ ግን አልቻልኩም፤ በዚያው አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ እንደማያውቃቸው ሰው ተቀምጬ ደራ ሄድኩ። መንገድ ላይ የኬላ ጠባቂው ሦስቱ አዛውንት ጋቢያቸውን ለብሰው ሲያያቸው «አባቶች፣ የምን ስብሰባ ነው?» አላቸው። ጋሽ ተክሌ «የጋብቻ» አሉት። «የተፈቀደ ነው?» «እሱን ልንጠይቅ ነው የምንሄደው» አሉት። ደራ ስንደርስ እነሱ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ እኔ በሩን ወደሚያሳይ ሻይ ቤት ሄድን። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ የእኔ ዓይን ያየውን ሳይሆን ሐጂ ይመርና ኦቦ ቱፋ እየተቀባበሉ የነገሩኝን ነው። የጋሽ ተክሌን ምስክርነት ለምን እንዳልወሰድኩ ይገባችኋል።

ሽማግሌ እሺ ሳይባል እህል ውሃ እንደማይቀምስ ታውቃላችሁ። መቅመስ ማለት ጉዳዩ አለቀ፣ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። ሴቶቹ ጓሮ ሆነው እልል የሚሉትም ያኔ ነው። ልጅቷ ደግሞ ጓዳ ትደበቃለች፣ አንገቷን ትደፋለች፣ ከቻለች ታለቅሳለች። የሺም ጓዳ ገብታ መጋረጃው ወረደ። እትዬ አልማዝ ወደ ኩሽና ሄዱ። አቶ ጌታነህ እንግዶቹን ስንት ለምነው ካስቀመጡ በኋላ ከፍሪጁ የራሳቸውን ጆግ አውጥተው በየብርጭቆው ቀዱና «ከሩቅ ነው የመጣችሁት፣ ጉሮሯችሁን አርጥቡ» አሉ።

«የመጣንበት ሳይፈጸም ውሃም አንቀምስ» አሉ ጋሽ ተክሌ።

ብርጭቆዎቹ እንደተቀዱ ቀሩ። ቆርቆሮው ጣሪያ ከላይ ይግላል፣ በረዶው ብርጭቆ ውስጥ ይንቀጫቀጫል፣ የብርጭቆው ላብ በጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። ሐጂ ይመር እንደነገሩኝ በሕይወታቸው እንደዚያን ዕለት ጠረጴዛ አይተው አያውቁም፤ ሌላ ምን ይዩ? ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ተቆጠረ። የእኔ አያት ቅድመ አያት አንድ በአንድ ከመቃብር ተነሥተው ተመልሰው ተኙ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመጣ።

«ፊደል ለቃሚ ነው» አሉ ሐጂ ይመር፣ ሐር እንደሚያሳይ ሰው ድምፃቸውን አሳምረው።

«እህል ለቃሚ ቢሆን ይገባኛል» አሉ ባለ ወፍጮው። «ፊደል ግን ተለቅሞ የት ይፈጫል?»

በመጨረሻም የፈራነው መጣ። አቶ ጌታነህ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «ጥያቄያችሁ ክብር ነው፣ ግን ዘመድ ላማክር። ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ» አሉ። ቀጠሮ ማለት በወጉ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ሴት ልጅን በአንድ ምልልስ የሰጠ አባት ሊገላገላት የቸኮለ ይመስላል። ለእኛ ግን ከፋሲካ በፊት የአሰላው ቅዳሜ ነበር። ሦስቱም ይህን ያውቃሉ። ቢናገሩት ደግሞ ወሬውን ማን ነገራችሁ ተብሎ የሺ ልትያዝ ነው።

ተነሥተው መሄድ ነበረባቸው። ሐጂ ይመር ጊዜ ለመግዛት ብለው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አሉና «ማሻአላህ፣ ቅርንፉድ ይሸተኛል። የአገሬ ሻይ ነው እንዴ?» አሉ።

አቶ ጌታነህ ፊታቸው በራ። ይህን ጥያቄ ደራ ውስጥ ጠያቂ አጥተው የኖሩ ሰው ናቸው። ቅርንፉዱ ስንት ሰዓት እንደሚዘፈዘፍ፣ ቀረፋው መቼ እንደሚወጣ፣ ስኳር የሻይ ጠላት እንደሆነ ዘረዘሩ። «እናንተ ናዝሬቶች ሻይ አትጠጡም» አሉ። «እናንተ የምትጠጡት ሽሮፕ ነው። የእኔዋም ሴትዮ እንደናንተው ናት። ሻይ ማለት ይኼ ነው!»

ጋሽ ተክሌ ዝም ማለት ነበረባቸው። አልቻሉም። «ይቅርታ ያድርጉልኝና» አሉ፣ «ሻይ ሲባል ትኩስ ነው። ይኼ መሞቱ ሳያንስ ቅርንፉድ ገብቶበታል። ቅርንፉድ የጥርስ መድኃኒት ነው።»

«ቀምሰውት ያውቃሉ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

አቶ ጌታነህ ወደ ወንበራቸው ደገፍ ብለው ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ቀበሌም ላይ እንደዚሁ ሳይቀምሱ ነው የሚፈርዱት?»

ኦቦ ቱፋ ሲነግሩኝ የጋሽ ተክሌ ጆሮ ቀላ ይላሉ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ማስረጃ፣ ማስረጃ ሲሉ የኖሩ ዳኛ ናቸው፤ በሽማግሌዎች ፊት ያለ ማስረጃ ፈራጅ ተባሉ። እጃቸውን ሰደዱና ብርጭቆውን አነሡ። ሐጂ ይመር በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው፣ አልሰሙም። አንድ ጊዜ ፉት አሉ፣ ጣሪያውን እያዩ አሰቡ። ሁለተኛ ፉት አሉ፤ ይግባኝ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ላይ ፍርዱ ተረስቶ ጥሙ ቀረ። በረዶው አፍንጫቸውን እስኪመታ ጨለጡት። ከዚያ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አድርገው ብያኔውን ሰጡ።

«ስኳር ያንሰዋል እንጂ ሻይስ ሻይ ነው።»

ያን ጊዜ ነው እልልታው የተነሣው። ረጅም፣ ጠንካራ፣ ምንም ጥርጥር የሌለው እልልታ ከቤቱ ውስጥ ወጣ። ገበያ ቀን ስለነበር የአቶ ጌታነህ ወፍጮ ቤት እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ሞልተውበታል። እነሱ ደግሞ ለምን ብለው ይጠይቃሉ? እልልታ በእልልታ ነው የሚመለሰው። ከወፍጮ ቤቱ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ገበያው ተቀጣጠለ። እኔ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ሰማሁትና ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የእኔ ይሆን? ወይስ የሌላ ሰው ሠርግ ነው? ባለ ሻይ ቤቷ እንኳ ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ እልል ስትል፣ «ለማን ነው?» አልኳት። «እኔ ምን አውቄ! ደስታ ነዋ» አለችኝ።

አቶ ጌታነህ «አይ፣ እኔ እኮ ቀጠሮ ነው ያልኩት…» ማለት ጀምረው ነበር። ኦቦ ቱፋ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ኦቦ ጌታነህ» አሉ በዝግታ፣ «እልልታ ተመልሶ ጉሮሮ አይገባም። ገበያው ሰምቷል። በቃ እንመርቅ።» መልስ ሳይጠብቁ እጃቸውን ዘርግተው ምርቃቱን ያወርዱት ጀመር። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ቀጠሉ፤ ይውለዱ፣ ይክበዱ፣ ቤታቸው ይሙላ። ምርቃት እየወረደ አሜን የማይል ሰው እናንተ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አቶ ጌታነህም እንደ ልማዳቸው አሜን አሉ። አንዴ አሜን ካሉ በኋላ ምን ቀራቸው? ጆጉን አንሥተው ለቀሩት ቀዱ።

ጋሽ ተክሌ ከበሩ ወጥተው ወደ ሻይ ቤቱ ሲመጡ አየኋቸው። አካሄዳቸው ሸንጎ ረትቶ እንደወጣ ጠበቃ ነው። «ተፈርዶልሃል» አሉኝ። እንባዬ መጣ፤ ለምን እደብቃችኋለሁ፣ እዚያው ባለ ሻይ ቤቷ ፊት አለቀስኩ። አውቶቡስ ውስጥ ስንመለስ ግን ሐጂ ይመር «ተክሌ፣ ጉድ ሠርተኸን ነበር እኮ» ቢሏቸው፣ ጋሽ ተክሌ በመስኮት እያዩ «የታሰበበት ነው» አሉ። እስካሁንም የታሰበበት ነው ይላሉ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። የአሰላው ነጋዴም ቅር አላለውም፤ ልጁን ሌላ ቦታ ድሮ እኛንም ጠራን፣ ያውም የወተት ሻይ አጠጣን። አቶ ጌታነህ ግን በመጡ ቁጥር፣ አሁን አማቼ ስለሆኑ ናዝሬት ሲመጡ እኛ ዘንድ ነው የሚያርፉት፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚያ ቅዳሜ ላይ ይወድቃል። «ይቺ ሴትዮ» ይላሉ ሚስታቸውን እያሳዩ፣ «ምላሷን መሰብሰብ አቅቷት እልል ብላ ልጄን ያለ ቀጠሮ አሰጠችኝ። ቀድሞውንም ሽሮፕ የለመደ ጉሮሮ!» እትዬ አልማዝ ይሥቃሉ፣ አንድም ቀን መልስ ሰጥተው አያውቁም። የቤተሰቡ ጨዋታ ሆኖ ኖረ።

አንድ ቀን ግን፣ ስኳር ከጠፋ ሰንብቶ እትዬ አልማዝ ያለ ስኳር ሻይ አፋቸው መሮ በተቀመጡበት፣ አማቼ ያችኑ ጨዋታ አነሡ። ሴትዮዋ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አደረጉት።

«ስማ ጌታነህ፣ እኔ አይደለሁም። በቃኝ። እኔ ያን ሰዓት ከኩሽና ወጥታ ገበያተኛ መሃል የገባች ዶሮ ሳሳድድ ነበር። እልልታውን ስሰማ ‹ደግሞ ለማን ነው?› ብዬ ነው ዶሮዬን ታቅፌ ወደ ቤት የሮጥኩት።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም ማለት ስለነበረብኝ ነዋ!»

አማቼ ማሰብ ጀመሩ። ሐጂ ይመር እልል አይሉም፣ ኦቦ ቱፋ አይሉም። ጋሽ ተክሌ ብያኔያቸውን እየሰጡ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። እኔም አዞርኩ። የሺ ጆጉን ይዛ ቆማለች። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ ሲባል እንጂ፣ ሙሽራ ለራሷ እልል አለች ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

«አባዬ፣ ከፋሲካ በኋላ አልካቸዋ» አለች፣ ምንም ሳታፍር። «የአሰላዎቹ በሳምንቱ ሊመጡ። መጋረጃውን ገልጬ ሳይ ጋሽ ተክሌ ጨልጠውታል። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ላልቅስ?»

አማቼ መጀመሪያ ሊቆጡ ፊታቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ሣቁ። ሣቃቸው ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንባ ሆነ፣ መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ። እትዬ አልማዝ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት የተወቀሱበትን እልልታ ያን ጊዜ አቀለጡት።

እኔ ሳልሥቅ ቀረሁ። ሽማግሌ ልኬ፣ ሰባት ቤት አስቆጥሬ፣ ለምኜ አገባኋት እያልኩ ስኩራራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሺ ጠጋ ብላ ለአባቷ ከቀዳችበት ጆግ ለእኔም ቀዳችልኝ፤ ለክፉ ቀን ደብቃ ያኖረቻትንም ስኳር አውጥታ ጨመረችበት። ስንት ማንኪያ ብላ አልጠየቀችኝም። ያኔ እልል ስትልም አልጠየቀችኝም።